የጉማራ ወንዝ በ2050፦ የትኛውን ሳምንት ነው የምንተነብየው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በጉማራ ወንዝ ላይ በየወሩ የተወሰደ የሦስት ዓመት የውሃ ጥራት መረጃ አለን፤ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ደለል። የወንዙ ፍሰት ደግሞ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ተመዝግቧል። በ2050 የውሃው ጥራት እንዲሁም የዓሣውና በወንዙ ወለል የሚኖሩት ነፍሳት ሁኔታ ምን እንደሚሆን መተንበይ እንፈልጋለን። በስዋት ሞዴል እንሂድ ወይስ በማሽን ለርኒንግ? ያለን መረጃስ ይበቃል?»

መረጃችሁ ለአንዳንዱ ይበቃል፤ ለዋናው ጉዳይ አይበቃም። የሞዴሉን ምርጫ (ስዋት የተፋሰስን ውሃና ደለል በስሌት የሚከተል ሞዴል ነው፤ ማሽን ለርኒንግ ደግሞ ኮምፒውተር ከመረጃው ራሱ የሚማርበት ስልት) ለጊዜው ወደ ጎን ልተወውና ከእሱ የሚቀድመውን ልጠይቅ፦ ከዓመቱ ውስጥ መተንበይ የምትፈልጉት የትኞቹን ሳምንታት ነው? (ዓመታቱን እንደ ጥያቄያችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱንና ሰዓቱን በእኛ እጽፋለሁ።)

ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና ሐይቅ በሚገባው ጉማራ ላይ ለሕይወት ወሳኝ የሆኑ ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው ነሐሴና መስከረም ነው። ጣና ውስጥ ላቤዎባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን 17 ዝርያዎች ሲኖሩት አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ከነሱ መካከል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ክረምት ላይ በወንዙ አፍ ተሰብስበው ይጠብቁና ሙላቱ ጋብ ሲል ወደ ላይ ወጥተው፣ ውሃው ጠርቶ በሚፈስበት የገባሮች ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሁለተኛው መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ ወንዙ ቀጥኖ በፎገራ ሜዳ ላይ ፓምፕ የሚሰለፍበት። የዓመቱ አማካይ ሁለቱንም ይደብቃቸዋል። አማካዩ ጤነኛ ሆኖ አንድ መጥፎ ሳምንት የዓመቱን ጫጩት ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ «በ2050 ናይትሬት ስንት ይሆናል» ከማለት ይልቅ «በነሐሴና መስከረም ለእንቁላል የሚስማሙ ቀናት ስንት ይቀራሉ፤ በሚያዝያ ኦክስጅን ከገደብ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶችስ ስንት ይሆናሉ» ብላችሁ ጥያቄውን ለውጡት። የምትለኩት ነገርም፣ የምትመርጡት ሞዴልም ከዚህ በኋላ በራሱ ይጠራል።

ሌላም አለ። 2050 የሚባል አንድ ዓመት አይተነበይም። የአየር ንብረት ሞዴል የሚሰጣችሁ የዚያን ዓመት ዝናብ ሳይሆን የዘመኑን ጠባይ ነው። ከ1991 እስከ 2020 ያለውን መነሻ፣ ከ2041 እስከ 2070 ያለውን መድረሻ አድርጋችሁ ሁለቱን የሠላሳ ዓመት ወቅቶች አነጻጽሩ።

አሁን ወደ መረጃው። ከፍሰቱ እንጀምር። በዘንግ የሚነበብ መለኪያ የሚታየው በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ከጉና የሚወርደው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጥልና ሙላቱ ድልድዩ ጋ የሚደርሰው ሌሊት ነው፤ ጠዋት አንባቢው ሲመጣ ውሃው ጎድሏል። በዚያ ላይ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ከመለኪያው ጎን የሚያልፈውን ውሃ ማንም አልለካውም። ቀላል መፈተሻ አለ፦ የዓመቱን ፍሰት በሚሊዮን ሜትር ኩብ ወስዳችሁ ለተፋሰሱ ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር አካፍሉና በ1,000 አባዙት። ከመለኪያው በላይ ያለውን ተፋሰስ 1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ካልነው፣ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ወደ 770 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ያንን ከዓመቱ ዝናብ ጋር አስተያዩት። ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ድርሻው ያለ ምክንያት ከዘለለ ወንዙ አልተለወጠም፤ የውሃውን ከፍታ ወደ ፍሰት የሚቀይረው የመለኪያው ቀመር ነው የተበላሸው፣ ወይም አሸዋ አውጪዎች ወለሉን ዝቅ አድርገውታል። በዚህ መረጃ ላይ ሞዴል ማስተካከል ስህተቱን ወደ 2050 መሸኘት ነው።

ኦክስጅኑ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። ናሙና ሰብሳቢ መኪና ተነሥቶ ወንዝ የሚደርሰው ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አልጌው ፀሐይ ላይ ሆኖ ኦክስጅን የሚያመርትበት ሰዓት። ዝቅተኛው ግን ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የእናንተ 36 ናሙናዎች በሙሉ ከቀን የመጡ ከሆኑ ስለ መጥፎው ሰዓት ምንም አይነግሩም። ከፍታውንም አትርሱ። የጣና ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 7.3 ብቻ ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ ደግሞ 6.6። ንጹሕ ውሃም ቢሆን ከዚህ በላይ አይሸከምም። በ25 ዲግሪ 8.3 ያነበበ መሣሪያ ካላችሁ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ግፊቱ አልተስተካከለለትም፣ ወይ አልጌው በዝቷል። በደብተራችሁ ላይ ሰዓቱ ከተጻፈ መለየት ይቻላል፤ ካልተጻፈ አይቻልም።

ይህ ጠባብ ህዳግ ሙቀት ሲጨምር ከሁለት ወገን ይጠባል። ውሃው በ2 ዲግሪ ቢሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ያህል ይቀንሳል። ኦርጋኒክ ቆሻሻን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ፍጥነት በተለመደው 1.047 ማባዣ ሲሰላ 9.6 በመቶ ይጨምራል። ከአየር ኦክስጅን መልሶ የመሳብ ፍጥነቱ ግን በ1.024 ሲሰላ 4.9 በመቶ ብቻ ነው የሚጨምረው። ወጪው ከገቢው ቀደመ ማለት ነው። አሞኒያም እንዲሁ ነው። ፒኤች 8 በሆነ ውሃ ውስጥ በ20 ዲግሪ ከጠቅላላ አሞኒያው ለዓሣ መርዝ የሆነው ክፍል 3.8 በመቶ ሲሆን በ25 ዲግሪ 5.4 ይሆናል። ፒኤቹ ከሰዓት በኋላ በአልጌ ምክንያት 9 ከገባ ግን በዚያው 25 ዲግሪ 36 በመቶ ይደርሳል። አንድ ቁጥር «አሞኒያ» ብሎ መመዝገብ ያለ ፒኤችና ያለ ሙቀት ትርጉም የለውም።

ደለሉ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ይህን ባለማወቅ ነው፦ በጣና ተፋሰስ ደለል ፍሰትን ብቻ ተከትሎ አይሄድም። ሰኔና ሐምሌ ላይ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ፣ ሰብሉ ገና አልበቀለም፤ ዝናቡ የለሰለሰውን አፈር ጠራርጎ ሲያወርድ አንድ ሊትር ውሃ ብዙ ግራም ደለል ይዞ ይመጣል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፍሰቱ ያው ሆኖ፣ አንዳንዴም በልጦ፣ ደለሉ ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ማሳው ለብሷል፣ የሚነሣውም አፈር ተነሥቷል። ለክረምቱ በሙሉ አንድ የፍሰትና የደለል መስመር ካሰመራችሁ ሰኔን አሳንሳችሁ መስከረምን ታገንናላችሁ፤ መስከረም ደግሞ የእንቁላሉ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት መስመር ያስፈልጋል፦ ከዝናቡ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ ከዚያ በኋላ። በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሦስት ሙላት እየመረጣችሁ ከአንዱ ሙላት አምስት ስድስት ናሙና ውሰዱ፤ ሲወጣም ሲወርድም። መስመሩን በሎጋሪዝም አስልታችሁ ወደ ተራው ቁጥር ስትመልሱ የመመለሻ እርማቱን አትዝለሉ። የተረፈው ስህተት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በተፈጥሮ ሎጋሪዝም 0.8 ከሆነ እርማቱ 1.38 ነው፤ እሱን የረሳ ሰው ደለሉን ከአራት እጅ ከአንድ እጅ በላይ አጉድሎ ያቀርባል። የድፍርስነት መለኪያ ብትገዙ ይጠቅማል፣ ግን ጣሪያውን እዩ፤ የክረምቱ ሙላት ብዙዎቹን ጣሪያቸው ላይ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ በላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ «ተረጋጋ» ይመስላል።

ፎስፎረሱ አብዛኛው በደለል ላይ ተለጥፎ ስለሚሄድ ደለሉ ከተያዘ እሱም በግማሽ ተያዘ። የሟሟውን ለማግኘት ግን ወንዝ ዳር እያላችሁ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት፤ ላብራቶሪ ደርሶ ከተጣራ ደለሉ የለጠፈውን መንገድ ላይ ይለቃል፣ ወይም የሟሟውን ይመጥጣል። ከመለኪያው አቅም በታች የሆኑትን ቁጥሮች በዜሮ ወይም በግማሽ አትተኩ፤ «ከዚህ በታች» ተብለው ገብተው ለዚያ በተሠራ ስሌት ይታዩ።

እንግዲህ ሞዴሉ። ብቻውን ማሽን ለርኒንግ አልመክርም። ከስልቶቹ አንዱ የሆነው ራንደም ፎረስት ጣሪያው ያየው ከፍተኛ ቁጥር ነው፦ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 24 ዲግሪ ብቻ ካየ ለ2050 26 ብትሰጡት ለ24 የሰጠውን መልስ ይደግማል። ናሙናዎቹን በዘፈቀደ ከፍሎ መፈተንም ያታልላል፤ የሐምሌ ናሙና የነሐሴን መልስ ሹክ ይለዋልና። በዝናባማ ዓመት አሠልጥናችሁ በደረቅ ዓመት ፈትኑት፤ ያን ጊዜ የወደቀ ሞዴል 2050ን አያውቅም።

ስዋትም በነባሪ አሠራሩ አንድ ሕመም አለበት። ጎርፍን የሚያሰላው በአፈርና በመሬት አጠቃቀም በሚመደብ የኩርባ ቁጥር ነው። በደጋው ግን ጎርፉ በአመዛኙ የሚነሣው ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ውሃ ከጠገበው የሸለቆ ግርጌና ከተራቆተው ጥልቀት አልባ መሬት ነው፤ ጤነኛው ተዳፋት ዝናቡን ይጠጣል። ስዋት በተፋሰሱ መውጫ ላይ ትክክለኛ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ውሃውን ግን ከተሳሳተ ቦታ አምጥቶ። «እርከን ብንሠራስ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ያን ጊዜ ይዋሻል፤ እርከኑን ውሃ በማይነሣበት ተዳፋት ላይ አስቀምጦ ደለሉ ቀነሰ ይላል። የግድ ስዋት ከሆነ ተፋሰሱን በእርጥበት ጠቋሚ፣ ማለትም በተዳፋትና ወደ ነጥቡ በሚሰበሰበው ውሃ መጠን፣ ከፋፍሉት።

በእናንተ ቦታ ብሆን አራት ትንንሽ ነገሮችን እቀጥላለሁ። ለፍሰት ሦስት ዞን ያለው የዕለት የውሃ ሚዛን፤ የጠገበ ግርጌ፣ የተራቆተ መሬት፣ የሚመጥ ተዳፋት። ለደለል ከላይ ያልኳቸውን የወቅት መስመሮች። ለሙቀት የፀሐይ ጨረርን፣ የአየር ሙቀትንና ጥልቀትን የሚያስገባ የሙቀት ሚዛን፤ የአየርና የውሃ ሙቀትን ብቻ የሚያያይዝ መስመር ፓምፕ ወንዙን ባሳነሰበት ቀን ይሰበራል፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይግላልና። ለበጋ ኦክስጅን ደግሞ ኳል-ቱ-ኬ የሚባለውን የወንዝ ውሃ ጥራት ሞዴል። ለመቀበል የተለመደው መመዘኛ በወርኃዊ ስሌት የናሽ-ሰትክሊፍ ውጤት (ሞዴሉ ከተለካው ጋር የሚስማማበት ነጥብ፤ ፍጹሙ 1 ነው) ከ0.5 በላይ፣ የድምር ስህተቱ ለፍሰት በ25፣ ለደለል በ55፣ ለናይትሮጅንና ፎስፎረስ በ70 በመቶ ውስጥ እንዲሆን ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ልብ በሉት፤ በ70 በመቶ የሚስት ሞዴል «አጥጋቢ» ከተባለ በ2050 ፎስፎረስ በ15 በመቶ ይጨምራል የሚል ዓረፍተ ነገር ከምን ይቆጠራል?

ስለ አየር ንብረቱ ብዙ አልልም። የላይኛው ዓባይ ላይ ሞዴሎቹ በሙቀት ይስማማሉ፤ በዝናብ ግን አንዱ ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ «የተሻለውን» አንድ ሞዴል መምረጥ ዕጣ ማውጣት ነው። ሲሚፕ 6 ከሚባለው የዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ ከአምስት የማያንሱ ውሰዱ፣ በሁለት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት መንገድ። ለመነሻው ዝናብ ጣቢያችሁን ከሳተላይት ከሚሠራው የቺርፕስ የዝናብ መረጃ ጋር አስተያዩ፤ ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት አለ። ሞዴሎቹ በየቀኑ ካፊያ ማዝነብ ይወዳሉ፤ ደረቅ ቀናቱ ካልታረሙ የደለል ስሌታችሁ ይሞታል።

ከዚህ ይልቅ ጊዜያችሁን እዚያው ወረዳው ላይ አጥፉ። ባለ ሦስት ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ሜዳ ላይ በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል ይስባል እንበል። መቶ ፓምፕ አንድ ሜትር ኩብ በሴኮንድ ነው። በሚያዝያ የወንዙ ፍሰት ራሱ ከዚያ ብዙም በማይርቅበት ጊዜ፣ በ2050 የዝናቡ ለውጥ ምን ያህል ነው ብሎ መጨነቅ ፓምፕ ቆጠራን ያህል አያዋጣም። ፓምፖቹን በአንድ ሳምንት በእግር ቁጠሩ፤ የሚሠሩበትን ሰዓት ጠይቁ። ከዚያ ሦስት መጪ ጊዜ አዘጋጁ፦ ያለው ይቀጥላል፣ በእጥፍ ይጨምራል፣ በተራ ይሆናል። ማዳበሪያውንም እንዲሁ፤ የ50 ኪሎ ዩሪያ ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ የጆንያውን ቁጥር ከየቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ታገኛላችሁ። የሩዝ ማሳው አረም ማጥፊያም አለ፤ በወር አንዴ የሚቀዳ ውሃ ስለማይዘው ለእሱ ለብቻው መዘጋጀት ይጠይቃል።

ወደ ሕያዋኑ ስንመጣ፣ ነፍሳቱን ለመሰብሰብ 500 ማይክሮን መረብ፣ በየቦታው 25 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 20 ቁራጮች፣ ማለትም 1.25 ካሬ ሜትር፤ ቁራጮቹን እንደ ወለሉ ዓይነት ድርሻ አከፋፍሏቸው፤ ግማሹ ጠጠር ከሆነ አሥሩ ከጠጠር። አልኮሉ 80 በመቶ ይሁንና በማግሥቱ ቀይሩት፤ ከናሙናው የሚወጣው ውሃ ያቀጥነውና ትሎቹ ይበሰብሳሉ። ወቅቱ ወንዙ ከረጋ በኋላ ነው፤ ኅዳርና የካቲት። በቤተሰብ ደረጃ ስትለዩ ሜይፍላይ ከሚባሉት የውሃ ነፍሳት ወገን ባኢቲዴ የሚባለውን ቤተሰብ ለብቻው ቁጠሩት፤ መካከለኛ ብክለት ይችላል፣ በብዛትም ይራባልና «ንጹሕ ውሃ ወዳዶች በረከቱ» ያሰኛል።

ትልቁ ወጥመድ ግን የቦታ አመራረጥ ነው። የተለመደው ከጉና ግርጌ ጀምሮ እስከ ፎገራ ሜዳ በመስመር አሥር ነጥብ መያዝ ነው። ላይኛው ቀዝቃዛ፣ ጠጠራማ፣ ንጹሕ ነው፤ ታችኛው ሞቃት፣ ጭቃማ፣ የማዳበሪያ መውረጃ። ነፍሳቱ ወደ ታች ሲለወጡ በሙቀቱ ነው፣ በደለሉ ነው፣ ወይስ በማዳበሪያው? ሦስቱም አብረው ስለሚወርዱ የትኛውም ስሌት አይለያቸውም፤ ሞዴሉ ሁሉንም ለሙቀት ያሸክምና 2050ን አስፈሪ ያደርገዋል። መድኃኒቱ በተመሳሳይ ከፍታ ጥንድ ቦታ መያዝ ነው፦ አንዱ ዳሩ ዛፍ ያለው፣ ሌላው እስከ ውሃው ጠርዝ የታረሰ፤ በሦስት የከፍታ እርከን አራት አራት ጥንድ። 24 ቦታ በሁለት ወቅት 48 ናሙና ይሆናል፤ ለአራት ገላጭ ሁኔታዎች በቂ ነው፣ ለአሥር አይደለም።

ለዓሣው ማክስኤንት የሚባለውን የዝርያ ሥርጭት ሞዴል ተዉት። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚሠራው ዝርያው በሰፊ አካባቢ ሲገኝ ነው። የጣና ላቤዎባርበሶች መኖሪያ አንድ ሐይቅና ገባሮቹ ብቻ ናቸው፤ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችሉ ካርታው አይናገርም፣ ሌላ ቦታ ስላልነበሩ። በውሃ ውስጥ ከሚገኝ ዲኤንኤም ብዙ አትጠብቁ፤ ዝርያዎቹ በቅርብ የተለያዩ ስለሆኑ በተለመደው አጭር የማይቶኮንድሪያ ቁራጭ አይለዩም። ቀረሶንና አምባዛን ይለይላችኋል፤ ላቤዎባርበሶቹን ግን «አንዳቸው ነበሩ» ብቻ ይላል።

የሚሠራው የመራቢያ ቀናትን መቁጠር ነው። ሽቦ ቅርጫት በታጠበ ጠጠር ሞልታችሁ እንቁላል በሚጣልበት ቦታ አፉ ከወለሉ ጋር እኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስታወጡት ከሥሩ ጨርቅ ሸፍኑት፣ አለዚያ የገባው ደለል በውሃው ይታጠባል። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት አልፎ የወረደውን አድርቃችሁ መዝኑ። ጠጠሩ መሃል የሚገባው ደቃቅ አፈር እንቁላሉን ኦክስጅን የሚነፍገው ነውና፣ ይህን ክብደት ከዚያው ሳምንት የውሃ ደለል ጋር ስታያይዙት ለወንዙ የራሱን ገደብ ታገኛላችሁ። ከዚያ ሞዴሉ በየዓመቱ ጥልቀቱ ለመውጣት የሚበቃባቸውን፣ ደለሉ ከገደቡ በታች የሆነባቸውንና ኦክስጅኑ የሞላባቸውን ተከታታይ ቀናት ይቁጠር። ተከታታይ መሆናቸው ወሳኝ ነው፤ በመካከል አንድ ሙላት ከመጣ የተጣለው ይቀበራል።

መረቡንም አስገቡ። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ የገባው በ1986 ነው፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የላቤዎባርበስ ብዛት በ75 በመቶ ያህል ወረደ። አንዱ ዋና ምክንያት ለመራባት የሚወጣውን መንጋ በወንዝ አፍ መጥለፍ ነው። መረብ የሌለበት ሞዴል ያንን ውድቀት ለሙቀት ወይም ለደለል ይሰጠዋል። የመስኖ ግድብና መጥለፊያም እንዲሁ፤ ዓሣው ካልወጣ ከላይ ያለው ጠጠር ቢጠራ ምን ይፈይዳል።

አምስት የአየር ንብረት ሞዴል፣ ሁለት የልቀት መንገድ፣ ሦስት የወረዳ መጪ ጊዜ፣ ሦስት የሞዴል ማስተካከያ ስብስብ፤ 90 ሩጫ ነው፣ በአንድ ኮምፒውተር ያልቃል። ውጤቱን በአንድ ቁጥር አታቅርቡ። ልዩነቱን በቫሪያንስ ትንተና ከፋፍላችሁ ምን ያህሉ ከአየር ንብረት፣ ምን ያህሉ ከፓምፕ እንደመጣ አሳዩ፤ የሚመለከተው ቢሮ ሊወስን የሚችለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ የሙቀትና የኦክስጅን ሎገሮቹን (በራሳቸው የሚመዘግቡ መለኪያዎችን) አስገቡ፤ በየ30 ደቂቃው ይቅዱ፣ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆነው ከተቸከለ ፌሮ ብረት ጋር ይታሰሩ፣ ፀሐይ አያግኛቸው። የኦክስጅኑን ዓይን በየሁለት ሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ ካልጠረጋችሁት አረንጓዴ ለብሶ የራሱን ኦክስጅን ያነብባል። በደብተሩ ላይ ደግሞ የትኛውን ሰዓት እንደምትጽፉ ተስማሙ። ሎገሩ 06:00 ሲል የእናንተ 12 ሰዓት ነው። አንዱ ሠራተኛ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከጻፈ ሊነጋጋ ሲል የተለካው ዝቅተኛ ኦክስጅን እኩለ ቀን ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።